ነፍሰ ጡር ሆኜ ባለቤቴን ወደ ማላዊ ልከተለው?

ጥያቄ፦

የተከበሩ ዶክተር፣

የ29 ዓመት ሴት ስሆን በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት በኅዳር ወር መጀመሪያ የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው እርግዝናዬ በዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ስለ ወረደብኝ፣ ይህኛውን የያዝሁት በደስታም በስጋትም ነው።

ባለቤቴ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ ቀዶ ሕክምና እየሠራ ወጣት ሐኪሞችን የሚያስተምርበት የሁለት ዓመት የሥራ ውል ቀርቦለታል። ሥራው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይጀመራል፤ ውሉን እስከ ኅዳር አጋማሽ ፈርሞ እንዲመልስ ተጠይቋል። ደመወዙ እዚህ ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ቢሆንም፣ ይበልጥ የሳበው የሥራው ዓይነት እንደ ሆነ አውቃለሁ። አብሬው እንድሄድ ይፈልጋል። «እኔ ሐኪም ነኝ፤ የምውለውም ሆስፒታል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምን ዋስትና አለ?» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ከደብረ ብርሃን በየቀኑ እየደወለች፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት እንደ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከወረደብኝ በኋላ አውሮፕላን ላይ መውጣትም ፈጣሪን መፈታተን እንደ ሆነ ትነግረኛለች።

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁትም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ቆላ አገር ኖሬ አላውቅም፤ ወባም ይዞኝ አያውቅም። የቢጫ ወባ ክትባት አልወሰድሁም። ብቻዬን ቀርቼ መውለድን እፈራለሁ፤ ሄጄ ልጄን ለአደጋ ማጋለጥን ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ እስከ ስንተኛው ወር ልቆይ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ውሉ የሚፈረምበት ቀን ስለ ቀረበ ይህ መልስ መጽሔቱ ከመታተሙ አስቀድሞ በግል እንዲደርስዎ አድርገናል። ሐሳቤን ከመነሻው ልንገርዎ፤ በዚህ ታኅሣሥ አይሂዱ። ይህን የምለው ግን እናትዎ በሚሰጉበት ምክንያት አይደለም፤ የባለቤትዎም ማረጋገጫ ሐሳቤን አላስለወጠኝም። ሁለቱም የሚከራከሩት ከዋናው ጉዳይ ጎን ባለ ነገር ላይ ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ የእነሱን ክርክር ልጨርስ።

የአውሮፕላን ጉዞ ጤናማ እርግዝናን አያስወርድም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደርሰው የፅንስ መውረድ በአብዛኛው ፅንሱ ሲፈጠር ከሚያጋጥም የክሮሞሶም መዛባት የሚመጣ እንጂ እናትየዋ ከሠራችው ሥራ ወይም ከተጓዘችው መንገድ የሚመነጭ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ስለ ደረሰብዎም የአሁኑ እርግዝና ለጉዞ የማይሆን ነው ማለት አይደለም። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ የተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ መሳሳት የሚያስፈራ ከሆነ እናትዎ ቤት ሄዶ ማደር ከመብረር ይብሳል፤ ይህንንም ሲደውሉልዎ በፈገግታ ሊነግሯቸው ይችላሉ። ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር እስከ 36ኛው ሳምንት ድረስ መብረር እንደምትችል የሙያው ማኅበራት በአብዛኛው ይስማማሉ። አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ የሐኪም ደብዳቤ መጠየቃቸው፣ ለመንታ እርግዝናም ገደቡን ወደ 32ኛው ሳምንት ዝቅ ማድረጋቸው የተለመደ ቢሆንም፣ ደንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ብላንታየር የቀጥታ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀበቶውን ከሆድ ሥር አስሮ፣ በየሰዓቱ ተነሥቶ ትንሽ እየተራመዱና ውኃ እየጠጡ የሚያልፍ ጉዞ ነው።

የባለቤትዎን ክርክር በተመለከተ ደግሞ እንደ ሙያ ባልደረባቸው ጠንከር ብዬ ልናገር። የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሚስቱ አዋላጅ አይደለም፤ ሊሆንም አይገባውም። በአስተማሪ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ሌሊት ተረኛ በሚሆንበት ጊዜ ስልኩን እንኳ የማያነሣበት ሰዓት ብዙ ነው፤ እርስዎ በዚያው ሰዓት በማያውቁት ከተማ፣ ቋንቋውን በማይሰሙት ሰፈር፣ ብቻዎን ቤት ውስጥ ነዎት። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በሥራ ዘመኔ ሕመማቸው ከጠና በኋላ ዘግይተው የደረሱልኝ የሐኪም ሚስቶች ጥቂት አይደሉም። ሌላዋ ሴት ትኩሳት ሲጀምራት ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ የሐኪም ሚስት ግን ባሏ ማታ ኪሱ ውስጥ ይዞላት የሚመጣውን ኪኒን ትጠብቃለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይባላል። በእርግዝና ላይ ያለ ወባ ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ወደ ዋናው ነገር የሚያመጣንም ይኸው ወባ ነው። ስለ ብላንታየር ስናስብ ሐኪምና ሆስፒታል የሌለበት ገጠር ከመሰለን እንሳሳታለን፤ የንግሥት ኤልዛቤት ማዕከላዊ ሆስፒታል የሚገኝበት፣ ዓለም ስለ ሕፃናት የአንጎል ወባ የሚያውቀውን ብዙ ነገር የተማረበት የሕክምናና የምርምር ከተማ ነው። ባለቤትዎን ሥራው የሳባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከተማው ያለው 1000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፣ በእኛ አነጋገር ቆላ ነው፤ ከከተማው ወረድ ሲሉ ያለው የሽሬ ወንዝ ሸለቆማ (ከእኛው ሽሬ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው) ትንኙ የሚብስበት ነው። በዚያ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ወባ ሲያመላልሰው በመኖሩ ሙሉ ባይሆንም ሕመሙን የሚያቀልለት የመከላከል አቅም አለው። እርስዎ ግን የደጋ ሰው ነዎት፤ ሰውነትዎ የወባን ተሕዋስ አያውቀውም። አያቶቻችን ወደ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈሩ የነበሩት መነሻውን ባያውቁትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

እርግዝና ደግሞ ይህን ድክመት ያባብሰዋል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በእንግዴ ልጅ ውስጥ መጣበቅና መደበቅ የሚችል በመሆኑ፣ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም ላይ ምንም ሳይታይ በውስጥ ሊበዛ ይችላል። እዚያ ሲሰፍር ለልጁ የሚደርሰውን ምግብና አየር ይቀንሳል፤ የእናትየዋን ደም ያመናምናል፤ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ፣ አንዳንዴም በማህፀን ውስጥ እንዲሞት ምክንያት ይሆናል። በእንግዴ ልጅ ውስጥ የሚደበቀውን ተሕዋስ የሚቋቋም አቅም የሚዳብረው በተከታታይ እርግዝናዎች ስለ ሆነ፣ በወባማ አገር ተወልደው ላደጉ ሴቶች እንኳ አስጊው የመጀመሪያው እርግዝና ነው። የእርስዎ የቀደመው እርግዝና ደጋ ላይ፣ ያውም በዘጠነኛው ሳምንት የተቋረጠ በመሆኑ በዚህ ረገድ የሚጠቅምዎ ነገር የለም።

አሁን የቀን መቁጠሪያ ያውጡና አብረን እንቁጠር። የሚወልዱት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የ18 ሳምንት፣ በየካቲት መጨረሻ የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ይሆናሉ። ለነፍሰ ጡር ከሁሉ የተመቸው የጉዞ ጊዜ የሚባለው መካከለኛው ወቅት፣ ማለትም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ነው፤ ባለቤትዎም ይህን ስለሚያውቁ ሳይሆን አይቀርም «አሁን ነው ጊዜው» የሚሉት። ነገር ግን በማላዊ ዝናቡ የሚጥለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ውኃው የሚያቁርባቸው፣ ትንኙ የሚፈላባቸውና ወባው የሚበረታባቸው ናቸው። ለእርግዝናዎ የሚመቹት ሦስት ወራት ለትንኟም ከሁሉ የሚመቹ ሆነው ተገጣጠሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጀምሮ በማላዊ ታሪክ ከታዩት ሁሉ የከፋው የኮሌራ ወረርሽኝም ይበልጥ የበረታው በዝናቡ ወራት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ብላንታየርን ሲመታ የተራራ ናዳ ሰፈሮችን ጠርጎ ወስዷል። ይህ በየዓመቱ ይደርሳል እያልሁ አይደለም። የሥራ ውሉ የሚጀምረው በግንቦት ወይም በሰኔ፣ አየሩ በሚቀዘቅዝበትና በሚደርቅበት ወቅት ቢሆንና እርስዎም ያኔ የ18 ሳምንት ነፍሰ ጡር ቢሆኑ ኖሮ መልሴ ከዚህ የተለየ ይሆን ነበር።

ባለቤትዎ በዚህ ላይ «መከላከያ መድኃኒት አለ» ማለታቸው አይቀርም፤ እውነታቸውን ነው። ማላዊ ለነፍሰ ጡሮች በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት የወባ መከላከያ መድኃኒት መስጠትን እ.ኤ.አ. በ1993 መመሪያዋ በማድረግ በአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በእኛ አገር ፋንሲዳር በሚል ስም የሚታወቀው መድኃኒት ከአራተኛው ወር ጀምሮ ቢያንስ በአንድ አንድ ወር ልዩነት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር የታቀደው የተወሰነ የመከላከል አቅም ላላቸው የአካባቢው ሴቶች ነው። እንደ እርስዎ ወባን ለማያውቅ ነፍሰ ጡር የሚመከረው በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ሜፍሎኩዊን ሲሆን፣ እሱም የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቀትና የድብርት ሕመም ላለባት ሴት አይሆንም። ተጓዦች አዘውትረው የሚወስዱት ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከእኛ ፋርማሲዎች የሚገዙት ፎሊክ አሲድ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ከሆነ ደግሞ የፋንሲዳርን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚስማማው 0.4 ሚሊ ግራም የሆነው ነው። ይህን ሁሉ በዝርዝር የምጽፈው መድኃኒቱ መኖሩ አደጋውን የሚቀንሰው እንጂ የሚያስወግደው አለመሆኑን ለማሳየት ነው። እምቢ የማይባል ግዴታ ቢኖርብዎ ኖሮ በዚህ መሣሪያ ታጥቀው ይሄዱ ነበር። እርስዎ ግን ሌላ ምርጫ አለዎት።

ስለ ቢጫ ወባም የጻፉልን ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ቋጠሮ አለው። ስሙ ቢያመሳስለውም ከወባ የተለየ በሽታ የሆነው ቢጫ ወባ ያለው ማላዊ ውስጥ ሳይሆን በእኛው አገር ነው። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ስላለች፣ ማላዊ ከዚህ የሚሄደውን መንገደኛ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የመከተቡን ማስረጃ፣ ትጠይቃለች። ክትባቱ ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ በመሆኑ ደግሞ ከባድ ስጋት ከሌለ በስተቀር ለነፍሰ ጡር ባይሰጥ ይመረጣል። ስለዚህ ብሄድ ካሉ የሚከተቡት ከበሽታ ለመዳን ሳይሆን ለወረቀቱ ሲባል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪም ክትባቱን መውሰድ የማይገባዎ መሆኑን ጽፎና ማኅተም አድርጎ ሊሰጥዎ ይችላል፤ ደብዳቤውን መቀበልና አለመቀበል ግን የተቀባዩ አገር ሥልጣን ስለ ሆነ፣ ከበረራው በፊት ተጠይቆ መታወቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ብላንታየር አውሮፕላን ጣቢያ ላይ በወረቀት ጉዳይ መጨቃጨቅን ለነፍሰ ጡር አልመኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የገንዘብና የሕግ ጉዳይ ነው፤ ባጭሩ እነካዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከመውለድዎ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለዱ በኋላም 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ የማግኘት መብት አለዎት። አሁን ሥራ ለቀው ከሄዱ ይህ መብት አብሮ ይቀራል። ብዙ የጉዞ መድኅን ውሎች እርግዝናን ጨርሰው አይሸፍኑም፤ የሚሸፍኑትም ያለ ጊዜው የተወለደን ልጅ የማሞቂያ ክፍል ወጪ የሚተዉበት ጊዜ አለ። ልጁ የትም ቢወለድ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ስለ ሆኑ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሆኖም ውጭ አገር ከተወለደ የልደት ማስረጃውንና ፓስፖርቱን ማስጨረስ በአራስነትዎ ወራት ሊወድቅብዎ ይችላል።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ። ውሉ ገና አልተፈረመም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባለቤትዎ የሥራው መጀመሪያ ወደ ሰኔ ወይም ወደ ሐምሌ እንዲገፋላቸው በጽሑፍ ይጠይቁ። ስፔሻሊስት ሐኪም በቀላሉ የሚገኝበት አገር ስላልሆነ፣ ለሁለት ዓመት የሚፈልጉትን ሰው ስድስት ወር ሊጠብቁት ይችላሉ፤ ጥያቄው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን የቀረበልን ሥራ እንዳያመልጠን ስለምንሰጋ ሳንጠይቅ እንፈርማለን። እሺ ካሉ ሌላው ሁሉ ይቃለላል።

እሺ ካላሉ ባለቤትዎ ቀድመው ይሂዱ። በግንቦት መጀመሪያ ለሦስት ሳምንት የሚመለሱበት ፈቃድና ቲኬት ግን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ። እርስዎ ክትትልዎን አዲስ አበባ ላይ ያድርጉ፤ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገውን አልትራሳውንድ አይዝለሉ፤ የደም ዓይነትዎ ኔጋቲቭ ከሆነም በ28ኛው ሳምንት ስለሚወሰደው መርፌ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለመውለድ ደብረ ብርሃን ይሂዱ ወይስ እናትዎ አዲስ አበባ ይምጡ የሚለውን ለሁለታችሁ እተወዋለሁ፤ እኔን ቢጠይቁኝ እናትዎ ገንፎአቸውን ይዘው ቢመጡ እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያ ምጥ ሊረዝም ስለሚችል ክትትል ካደረጉበት ቦታ ሳይርቁ መውለድ ይሻላል። ልጁ ከተወለደ በኋላ ልደቱን በ90 ቀናት ውስጥ በወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶቹን የሚጨርሰው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው፤ የወሊድ ፈቃድዎም የሚያልቀው ያኔ፣ የትምህርት ዘመኑም ሳይከፈት ነው። በማላዊ ነሐሴ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ዝናቡ መምጣት ባሉት ሁለት ወራት ቤቱን በወንፊት ያስጋርዳሉ፣ አጎበር ይሰቅላሉ፣ የሕፃናት ሐኪም ያፈላልጋሉ። እርስዎ የሚወስዱት መከላከያ በጡት ወተት በኩል ልጁን አይከላከልለትም፤ ስለዚህ የልጁ መከላከያ ለብቻው በክብደቱ ልክ መታዘዝ አለበት። የቢጫ ካርዱ ጉዳይም ያኔ ተመልሶ ይነሣል፤ ትንሽ ልጅ ለሚያጠቡ እናቶችም ክትባቱ ጥንቃቄ የሚሻ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤውን በሐምሌ ከሐኪምዎ ጋር ተመካክረው ይጨርሱት።

ይህን ሁሉ አንብበውም «ብቻዬን ልቀር አልችልም» ካሉ አልቆጣዎትም፤ ብቸኝነትም በእርግዝና ላይ ቀላል ሸክም አይደለም። እንዲያ ከሆነ ግን ከ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ በፊት አይነሡ፤ ሜፍሎኩዊኑን ከመሄድዎ ከሁለት ሳምንት በፊት በሐኪም ትእዛዝ ይጀምሩ፤ በብላንታየር ባለቤትዎ ያልሆነ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ስምና ስልክ ቁጥር ከመነሣትዎ በፊት ይያዙ፤ ትኩሳት በጀመረዎ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ይመርመሩ፤ ከ30ኛው ሳምንት በፊትም ለመመለስ የሚያበቃዎትን ቲኬት ይዘው ይሂዱ። መመለሻውን «እናያለን» ብለው ከተዉት እዚያው ይወልዳሉ።

በመጨረሻም ስለ እርስዎ ብቻ ስንነጋገር ባለቤትዎን ዘነጋናቸው። እሳቸውም የደጋ ሰው ከሆኑ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዘው ነው በዝናብ ወቅት የሚገቡት። ቢጫ ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ ከበረራቸው አስቀድመው በጊዜ ይከተቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ሁለተኛ አይጠየቁም። የወባ መከላከያውንም ይውሰዱ፣ ከአጎበር ሥርም ይተኙ። ሐኪሞች ለታካሚ የሚያዙትን ራሳቸው ሲያደርጉት ብዙም አላየሁም፤ ማታ ማታ ሲደዋወሉ መድኃኒቱን ስለ መዋጣቸው ይጠይቋቸው።